የሠላሳ ሺህ ሪያል አማና

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ሪያል ወደ ብር ስመነዝር ኖሬአለሁ። ወልድያ ውስጥ ከሚያውቀኝ ሰው ይልቅ ጂዳና ሪያድ ሆኖ ስሜን የሚያውቅ ይበዛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ባንኩ ውስጥ ጋሽ ጌታቸው የሚባል አለ፣ እሱ ጋ ሂድ» እያሉ በስልክ ዘመዶቻቸውን ይልኩብኛል። አሁን የማጫውታችሁ ነገር የሆነው ባለፈው መስከረም ነው፤ ከአርብ እስከ እሁድ ያለቀ ነገር። ከዚያ አርብ በፊት ራሴን ደህና ሰው ብዬ ነበር የምቆጥረው።

ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የዕለቱን የምንዛሬ ዝርዝር አትሜ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ነው። የትናንቱን እልጣለሁ፣ የዛሬውን እለጥፋለሁ። አንድ ሪያል አምስት ብር የሆነበትን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ስምንት ብር የሆነበትንም የለጠፍኩት እኔው ነኝ። በመሃል ያለው ሁሉ በእጄ አልፎ ሳለ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላየሁትም። ሰው ሲለምድ እንደዚህ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጠብታ የሚቆጥር የለም። ከሥራ ወጥቼ ደግሞ መነኻሪያው ጀርባ ያለው ቤቴ እገባለሁ። ግቢው ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተከራይተዋቸዋል። ደመወዙ ሳይበቃኝ ሲቀር የሚደጉመኝ እሱ ነው።

አርብ ዕለት ከጁምአ በኋላ ሰይድ መስኮቱ ጋ መጥቶ ቆመ። ሰይድ የመርሳ ሰው ነው፣ ማንጎ ተካይ፤ ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው። እህቱ ዘሃራ ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የምትልከውን ለዓመታት ከኔ እጅ ነው የወሰደው። ገና ደብተሩን ስከፍትለት «ይኼ አማና ነው ጋሼ፣ የኔ አይደለም፤ ወለድም እንዳይገባበት» ያለኝ ሰው ነው። ያን ዕለት ፊቱ ገርጥቶ አንገቱ ቀጥኖ ሳየው የታመመ መስሎኝ ነበር።

«ጠፋህ እኮ ሰይድ። ዘሃራ ደህና ናት?»

«መጥታለች።»

«እንኳን ደስ አለህ በላ።»

«ደስታውንስ አላህ ያውቃል» አለና ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «አሥራ ሁለት ዓመት ቆይታ መጣች ጋሼ። በመጣች በሳምንቷ ሠላሳ ሺህ ሪያሌን አለችኝ። ደብተሩን ሰጠኋት። መቶ ስልሳ አምስት ሺህ ብር ይላል። እሷ ደግሞ ሠላሳ ሺህ ሪያሉን በዛሬ ምንዛሬ ስልኳ ላይ አባዛችው። ከሚሊዮን በላይ ሆነ።»

«እና?»

«እናማ ወንድሜ ሚሊዮኔን በላው አለች። መርሳ ውስጥ ስሜ አደራ በላ ሆኗል። መስጊድ በር ላይ ሰላምታዬን የሚመልሱልኝ በግማሽ አፋቸው ነው። ቁርአን ይዘህ ማል ብላኛለች።»

እንዲህ ሲል ድምፁ አልተሰበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

«ሸህ ሁሴን ናቸው ያስቆሙልኝ» አለ ቀጥሎ። «በወንድምና በእህት መሃል ቁርአን ከገባ ዝምድናው አበቃ፤ እሱ የመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ የባንክ ሰው ይምጣና ያስረዳ አሉ። እሁድ ጠዋት እንቀመጣለን። በየጊዜው ምንዛሬው ስንት እንደነበር በወረቀት ይዘው ቢመጡልኝ ብዬ ነው። አንዲት ሳንቲም አልነካሁም ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። በእርግጥም አውቅ ነበር። ከዚያ ደብተር ወጪ ተደርጎ አያውቅም። ወልድያ በጦርነቱ ጊዜ ተይዛ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ሲከፈት እንኳ፣ ሰው ሁሉ ያለውን ሊያወጣ ሲጋፋ፣ ሰይድ መጥቶ «የዘሃራ አለ?» ብሎ ጠይቆ «አለ» ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ባዶ እጁን ነበር የሄደው።

እመጣለሁ አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንዘጋ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረሁና ዝርዝሩን ማውጣት ጀመርኩ። ዘሃራ ለአማናው የላከችው በሄደች በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው፤ በየሁለት ወሩ አንድ አንድ ሺህ ሪያል፣ ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ በኋላ እናታቸው ታመሙ፤ የምትልከው ሁሉ ለሕክምና ሄደ። እናትየው አርፈው ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ፤ የምትልከው ለቤቱ ቀለብ ሆነ። ስለዚህ አማናው በሠላሳው ቆሟል። እኔም ሠላሳ መስመር አሰመርኩ፤ የተላከበት ቀን፣ የዚያ ቀን ምንዛሬ፣ የተሰጠው ብር። የመጀመሪያው አንድ ሪያል በአምስት ብር ነው። የመጨረሻው ሰባት ብር ገብቷል።

አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ።

ያን ቀን አስታወስኩት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ግድም ነው፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ ከሰይድ ጀርባ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ሰይድ ብሩን አስገብቶ ሲያበቃ አልሄደም። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለኝ። መርሳ አስፋልቱ ዳር አንድ ሰው ቤቱን ከነግቢው በዘጠና ሺህ ብር ሊሸጥ ነው፤ ሦስት ቀን ሰጥቶኛል፤ ዘሃራን ልጠይቃት ብል አሠሪዋ ስልኳን ቀምታታለች፤ ልግዛላት ወይስ ይቅር? አለኝ። ደብተሩ ላይ መቶ ሺህ ብር ነበረ።

እኔ ምን አልኩት? «አማና ነው ብለኸኝ አልነበር? አማና ደግሞ አይነካም። ባንክ ያለ ገንዘብ የትም አይሄድም፤ ይቀመጥ።» ይኸው ነው ያልኩት። «እውነትዎን ነው፣ አላህ ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። የገዛ ቃሉን መልሼ ሰጥቼ ሸኘሁት፤ እኔም ምሳዬን በላሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔው ግን ወለምታ መሆኑ የገባኝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

አርብ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያን ሁሉ ሲነግረኝ ይህችን አላነሳትም። ረስቶታል አልኩና ራሴን አጽናናሁ። ወረቀቱን አትሜ፣ ማህተም አስመትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በነጋታው የሚጠበቅብኝ ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው፤ ስለ ምክር የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ነበር።

እሁድ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንደርስ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። ሰይድ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ወደ አትክልቱ ስንሄድ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ለኔ ሰላምታ ሲሰጡ እሱን እንዳላዩት ሆነው አለፉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል።

ከማንጎዎቹ ሥር ሰሌን ተነጥፏል። ሸህ ሁሴን በሰባዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ አጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዘሃራ ትይዩ ነበረች። በስም ለዓመታት የማውቃትን ሴት በአካል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ገና አርባ ዓመቷ ነው አሉ፤ ስትነሳ ግን በጉልበቷ ላይ ተደግፋ ነው። የጣቶቿ ጫፍ በረኪና የበላው፣ የተላጠ ነው።

ሸህ ሁሴን ዱአ አድርገው ሲያበቁ «ጌታቸው ልጄ፣ እንግዲህ አንብብልን» አሉኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ዘሃራ አቋረጠችኝ።

«ቆይ ጋሼ። የላክሁት አንድ ሺህ ሪያል ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያ አንድ ሺህ ሪያል የታለ?»

«ያኔውኑ ብር ሆነ። አምስት ሺህ ብር።»

«ማን ብር አድርጉት አላቸው?»

ባንኩ ለተቀባይ የሚከፍለው በብር መሆኑን፣ ብር ሆኖ የገባ ደግሞ ብር ሆኖ እንደሚቀመጥ አስረዳኋት። ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ማስረዳት ለምጄአለሁ፤ እሷ ግን በአንዴ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔ ጂዳ ሆኜ ሪያሌ ባንክ ተቀምጧል ስል ነው የኖርኩ» አለች። «ምንዛሬ ጨመረ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደረጃ እያጠብሁ ‹ዛሬ ቤቴ አንድ ክፍል ጨመረ› እል ነበር። ሲጨምር እኮ የኔው እየቀለለ ነው ለካ።»

ሸህ ሁሴን ቀጥል አሉኝ፤ ሠላሳውን መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከዚያ ደብተሩን ገልጬ አንድም ወጪ እንደሌለ አሳየኋቸው። «ሰይድ ገንዘቡን አልበላም» አልኩ። «መቶ ስልሳ አምስት ሺህ ብሩ እንዳለ ነው። ዛሬ ወደ ሪያል ቢመለስ ግን አራት ሺህ ሦስት መቶ ገደማ ነው የሚሆነው።»

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር አሉ» አለች ዘሃራ፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩና ሸህ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አማና የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ያንኑ ይመልሳል። ካልነካው፣ ካላጓደለው አይጠየቅም። ሰይድ የተቀበለው ብር ነው፤ ብሩ ሙሉ ነው። መሐላ አያስፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ አደራ በላ ያለው ሰው ከኔ ጋር ነው ጠቡ።»

ሰይድ ዓይኖቹን ጨፈነ። እኔም የታሰረ ነገር የተፈታልኝ መስሎኝ ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርኩ።

«አልበላም፤ እሺ» አለች ዘሃራ። «አውፍ ይበለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጠርጥሬዋለሁ። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሲልኩልህ ያን ብር ዝም ብለህ ታየዋለህ ሰይድ? መርሳ ውስጥ የሚሸጥ ቤት ጠፍቶ ነው? አንድ የሚያውቅ ሰው እንኳ አታማክርም?»

ሰይድ ቀና አለ። ዓይኑ ከኔ ዓይን ጋር ተገጣጠመ፤ ለአፍታ ነው። አልረሳም። አርብ ዕለትም አልረሳም ነበር።

«ማንንም አላማከርሁም» አለ። «አማና አይነካም ብዬ ራሴው ነኝ የተውሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚህ አትክልት ግማሹን ልስጥሽ፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ድንበሩን እንለይ።»

ይህ ሰው ወለድ ሐራም ነው ብሎ በሕግ የሚገባውን ገንዘብ የማይነካ ሰው ነው። አሁን እኔን ላለማዋረድ ሸሁ ፊት ዋሸ። አራት ልጆች የሚያሳድግበትን ማንጎ ሊሰጥ ነው። ሸህ ሁሴን «አላህ ይባርክህ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። እኔ ዝም ብል ማንም አያውቅም። የመልሱን ሚኒባስ ይዤ ለምሳ ቤቴ እደርሳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያንን አስቤዋለሁ። ከመድከሜ የተነሳ ዝም ማለት ቀላሉ ሆኖ ታይቶኝ ነበር።

«ሸህ ሁሴን» አልኩ። «ሰይድ አማክሯል። ያማከረው እኔን ነው።»

ሰይድ «ጋሼ፣ ይተዉት» አለኝ ቀስ ብሎ። አልተውኩትም። አሥራ ዘጠነኛውን መስመር አሳየኋቸው። የዘጠና ሺህ ብሩን ቤት፣ የሦስት ቀኑን ቀጠሮ፣ ሰልፉን፣ ያልኩትን ቃል በቃሉ ነገርኳቸው። አንደኛው ሽማግሌ ቤቱን አወቀው፤ ያኔ የገዛው ሰው ዛሬ ሁለት ሚሊዮን ቢሰጡትም አልሸጥም ያለው ቤት ነው አለ።

ዘሃራ ረጅም ጊዜ አየችኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አንቱ ያኔ የራስዎ ገንዘብ ነበርዎት?» አለችኝ።

«ትንሽ ነበረኝ።»

«ባንክ ነበር?»

ይኼን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ቅዳሜ ወረቀቱን ሳወጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስመጣ፣ ራሴን ስወቅስ እንኳ ይኼን አልጠየቅኩም። በዚያው ዓመት ያጠራቀምኳትን በሙሉ አውጥቼ፣ ከባንኩም ተበድሬ፣ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ ገዝቼበታለሁ። አራቱ ሰርቪሶች የተሠሩት ያኔ ነው።

«አልነበረም» አልኩ። «ቤት ሠራሁበት።»

«ለምን?»

«ብሩ እንደሚወርድ አውቅ ስለነበር።»

«ለሰይድ ለምን አልነገሩትም?»

መልስ ፈለግሁ። ሰልፍ ነበር፣ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ባንክ ሠራተኛ ገንዘብ አውጣ ብሎ አይመክርም፤ ይኼ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከሁሉ በታች ያለው ግን ሌላ ነው። «ገበሬ ነው፣ ባንክ ከገባለት ይበቃዋል ብዬ መሰለኝ» አልኳት። ሰይድ ሰሌኑን እያየ ነበር።

ዘሃራ ተነሥታ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ወንድሟ ጋ ሄደችና ትከሻውን ሳመችው። «አውፍ በለኝ ሰይዶ።» «አውፍ ብያለሁ። አንቺም አውፍ በይኝ» አላት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ያለ ድምፅ ነው። ማንጎውን አልቀበልም አለች። ከብዙ ምልልስ በኋላ ከመኖሪያ ግቢው ጥግ ቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ሊሰጣት፣ እሷም በራሷ ገንዘብ ልትሠራ ተስማሙ። ሸህ ሁሴን ዱአ አደረጉ።

ሰው ሲነሣ እኔም ቆሜ «ዘሃራ፣ እኔንም አውፍ በይኝ» አልኳት። «ካሉኝ ክፍሎች ሁለቱን ውሰጂ፤ ኪራይ አልጠይቅሽም፤ የፈለግሽውን ያህል ኑሪባቸው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ኖሬአለሁ ጋሼ» አለች። «አሁን የሰው ቤት አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ብቻ ያስሉልኝ።»

«ምን?»

«ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ከነሽንት ቤቱ ግንበኛው አንድ ሚሊዮን ብር ብሎኛል። መቶ ስልሳ አምስቱ አለ። የሚቀረው በሪያል ስንት ይሆናል?»

ስልኬን አውጥቼ መታሁት። ስምንት መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ለሠላሳ ስምንት። «ሃያ ሁለት ሺህ ሪያል ገደማ።»

«አሁንም ብሄድ በሁለት ወር አንድ ሺህ ነው የማተርፈው። ስንት ወር ይሆናል?»

«አርባ አራት» አልኳት። «ዋጋውም ምንዛሬውም ባሉበት ቢቆሙ።»

«ሦስት ዓመት ከስምንት ወር።» የሻሿን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አውፍ ብያለሁ ጋሼ። ከልቤ ነው። ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩን ግን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ወልድያ እንዴት እንደተመለስኩ ብዙም አላስታውስም። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ስትለኝ ነገርኳት፤ እሷም አራቱን ክፍሎች በመስኮት አየቻቸው። በማግስቱ ሰኞ እንደ ልማዴ ወረቀቱን ለጠፍኩ። ስለጥፈው እንጂ ሳላነበው የኖርኩትን ቁጥር ያን ቀን አነበብኩት፤ ከሥሩ ደረጃ የምታጥብ ሰው እንዳለች እያወቅሁ አነበብኩት።

አንባቢዎቼ፣ ብሩን ያወረድኩት እኔ አይደለሁም። ይኼን ብላችሁ የምታጽናኑኝ ትኖራላችሁ፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፣ ብዙም አልረዳኝም። አንድ ሰው መጥቶ ምን ላድርግ ሲለኝ፣ እኔ ለራሴ የማደርገውን ሸሽጌ ለእሱ የሚመጥን የመሰለኝን ሰጠሁት። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት ቶሎ እነቃ ነበር። ዛሬ መስኮቱ ጋ መጥቶ የሚያማክረኝ ሰው ሲኖር፣ ሰልፉ እስከ አስፋልት ቢደርስም፣ መጀመሪያ የኔን ገንዘብ የት እንዳደረግኩት እነግረዋለሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ገሥጾኛል። ጡረታዬ ሩቅ ስላልሆነ እሺ እያልኩ እወጣለሁ።

ዘሃራ በኅዳር ወደ ጂዳ ተመለሰች። ሸኚዎቿ ውስጥ አልነበርኩም፤ ለመሄድ ፊት አልነበረኝም።

በጥር የመጀመሪያው አንድ ሺህ ሪያል ገባ። ሰይድ መጣ፤ መታወቂያውን አቀበለኝ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ብሩን ሳዘጋጅለት ቆሞ ጠበቀና «ጋሼ፣ አንቱ ቢሆኑ ምን ያደርጉበታል?» አለኝ።

«ዛሬውኑ ብሎኬት እገዛበታለሁ» አልኩት።

ገዛ። መርሳ ግቢው ጥግ ላይ ደርድሮ ፎቶውን በስልኬ ላከልኝ። ገና አርባ ሁለት ወር ይቀራታል።